የማንጠግቦሽ የኋላ ጎማ

ጆሮ ያለህ ቅረብ፣ ሥራ የያዝክም እየሠራህ ስማ። ነገሩ ረጅም ነው፤ ግን የሚጀምረው ከአንዲት ጎማ ነው።

ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሕር ዳር በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ነው። ከአምስት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሆና በዓመት አንድ ቀን ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር በሳይክል ትጓዛለች። የጉዞው ሕግ አጭር ነው፦ በአንድ ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሰው ሳይጎድል። ስድስት የወጣ ስድስት ሆኖ መግባት አለበት። አምስት ከገባ ጉዞው አይቆጠርም፤ ጎንደር መግቢያ ላይ ተጣጣፊ ወንበር ዘርግቶ የሚቀበላቸው ሰው ወንበሩን አጥፎ ይሄዳል።

ባለፈው ዓመት አምስት ሆነው ነበር የገቡት። ማንጠግቦሽ ማክሰኚት ላይ ባቷ ተኮማተረባትና "ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ" አለች። ሄዱ። እሷ ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ገባች። ያን ዕለት ስድስቱም ከአንድ ትሪ በሉ፤ ስለ መንገዱ ግን ያወራ ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ በኅዳር፣ ቅዳሜ ቀን፣ ሊነጋጋ ሲል ተነሡ። ሦስት ሰዓት ላይ ጥቁር ዋርካ ከምትባል የመንገድ ዳር ከተማ ሲገቡ የማንጠግቦሽ የኋላ ጎማ ስለታም ቆርቆሮ ላይ ወጣ። ንፋስ የሚይዘው የውስጡ ካላማዳሪ ሦስት ጣት የሚያህል ተቀደደ። የያዟቸውን ሁለት ትርፍ ካላማዳሪዎች ጠዋት የሌሎቹ ጎማዎች ጨርሰዋቸዋል። የከተማው ሳይክሎች ደግሞ ጎማቸው ወፍራም ስለሆነ የእነሱ ለእሷ አይሆንም።

የቡድኑ መሪ ጋሽ ላቀው ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ የፋብሪካው መካኒክ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሰዓቱን አየና "እስከ ስድስት ሰዓት እንጠብቃለን" አለ። "ከስድስት በኋላ የወጣ ሰው ጎንደርን በፀሐይ አያያትም።"

አምስቱ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ማንጠግቦሽ ካላማዳሪውን አውጥታ አንገቷ ላይ እንደ ነጠላ ጣል አደረገችና ሄደች። የፈለገችው አንዲት ነገር ናት፤ ጎማዋ ንፋስ እንዲይዝላት።

የከተማው ጎማ ለጣፊ፣ ጎሚስታው፣ ቢተው ይባላል። ካላማዳሪውን ተቀብሎ ገልበጥ አደረገና ቀዳዳውን በጣቱ ለካ።

"ይለጠፋል" አለ። "ላስቲክ አለኝ፣ ማስቲሽ አለኝ። ሞረድ ግን የለኝም። ሳይፋቅ የተለጠፈ አይይዝም።"

"በድንጋይ ብንፍቀውስ?"

"በድንጋይ የተፋቀ ቁልቁለት ላይ ይለቃል። አንቺ ስትወድቂ ደግሞ 'ማን ለጠፈላት?' ይባላል። ሞረዴን አናጺው አዝመራው ከተዋሰኝ አስራ አምስት ቀኑ ነው። እሱን አምጪ፣ ወዲያው ነው።"

ጎማው ንፋስ አይዝም፤ ጎሚስታው ያለ ሞረድ አይለጥፍም። ካላማዳሪውን መልሳ አንገቷ ላይ ጣለችና ወደ አናጺው ሄደች።

አናጺው ባዶ ቤቱ ውስጥ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ መዶሻ የለም፣ መጋዝ የለም፣ ምንም የለም።

"ወንድሜ፣ ጎማዬ ንፋስ አይዝም፤ ጎሚስታው ያለ ሞረድ አይለጥፍም፤ ሞረዱ አንተ ጋ ነው አለኝ" አለችው።

"እኔ ጋ ነው፣ እውነቱን ነው" አለ አናጺው። "ሣጥኔ ውስጥ ነው። ሣጥኔ ግን እኔ ጋ አይደለም፤ ባለወፍጮዋ ወስዳብኛለች። ከነመዶሻዬ፣ ከነመጋዜ። እኔም እንደምታዪኝ ነኝ፣ ተቀምጫለሁ።"

"ለምን ወሰደችብህ?"

አናጺው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ አየውና መልሶ ሰካው። "እሷ ትንገርሽ" አለ።

ጎማው ንፋስ አይዝም፤ ጎሚስታው ያለ ሞረድ አይለጥፍም፤ አናጺው ያለ ሣጥኑ ሞረድ አይሰጥም። ወደ ወፍጮ ቤት ሄደች።

ባለወፍጮዋ ወይዘሮ ፈንታነሽ በር በሌለው ደጃፍ ላይ፣ የአናጺው ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። እጇ ላይ አለንጋ አለ። ፊት ለፊቷ ሦስት ፍየሎች ቆመው ያይዋታል።

"እትዬ ፈንታነሽ" አለች ማንጠግቦሽ፤ ስሟን መንገድ ላይ ጠይቃ ነው የመጣችው። "ጎማዬ ንፋስ አይዝም፤ ጎሚስታው ያለ ሞረድ አይለጥፍም፤ አናጺው ያለ ሣጥኑ ሞረድ አይሰጥም። እባክዎ ሣጥኑን ይስጡኝ፣ ሞረዱን ብቻ አውጥቼ እመልሳለሁ።"

"አንቺ ልጅ፣ ደህና ሰው ትመስይኛለሽ" አለች ወይዘሮ ፈንታነሽ። "ግን ይሄ ሰውዬ አሮጌውን በር ነቅሎ 'ነገ አዲሱን እሰቅላለሁ' ካለኝ አራት ቅዳሜ አለፈ። አራት ቅዳሜ ሙሉ እዚህ ተቀምጬ ፍየል እጠብቃለሁ። የሰው እህል ነው ውስጥ ያለው። ዛሬ ከዚህ ሣጥን ብነሣ ነገ አላገኘውም። በሩ ሲሰቀል እነሣለሁ።"

"አልሰቅልም ያለው ለምንድን ነው?"

"ማጠፊያ የለኝም ይላል። ማጠፊያው በያጁ ውቤ ጋ ነው ይላል። ውሸት ይሁን እውነት አላውቅም፤ ሄጄ እንዳልጠይቅ ፍየሎቹ አሉ።"

አንደኛዋ ፍየል አንድ እርምጃ ቀረበች። ባለወፍጮዋ አለንጋውን ስታነሣ ፍየሏ ተመለሰች።

ወደ በያጁ ለመሄድ በዋርካው ሥር ማለፍ ግድ ነው። አምስቱ ባሉበት አሉ። እንየው የሚባለው፣ ከሁሉም ፈጣኑና ትዕግሥት የሌለው፣ ቆሞ ነው የጠበቃት።

"ተለጠፈ?"

"ጎማው ንፋስ አይዝም፤ ጎሚስታው ያለ ሞረድ አይለጥፍም፤ አናጺው ያለ ሣጥኑ ሞረድ አይሰጥም፤ ባለወፍጮዋ በሯ ሳይሰቀል ከሣጥኑ አትነሣም፤ በሩ ያለ ማጠፊያ አይሰቀልም" አለች።

እንየው ወደ ጋሽ ላቀው ዞረ። "ይሄ በዛሬ ቀን አያልቅም፤ አምስታችን እንኳ እንግባ።"

"እውነቱን ነው፣ ሂዱ" አለች ማንጠግቦሽ። የተናገረችው መሬት መሬት እያየች ነው።

"አምናም እንዲህ ነው ያልሽው" አለ ጋሽ ላቀው። "እኛም ሄድን። አሁን አራት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ብያለሁ፤ ሂጂና በያጁን ጠይቂ።"

በያጁ ውቤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እግሩ ሥር አራት ማጠፊያ ተደርድሯል፤ ተቆርጦ አልቋል፣ የቀረው ብየዳው ብቻ ነው።

"ውቤ ማለት አንተ ነህ? ጎማዬ ንፋስ አይዝም፤ ጎሚስታው ያለ ሞረድ አይለጥፍም፤ አናጺው ያለ ሣጥኑ ሞረድ አይሰጥም፤ ባለወፍጮዋ በሯ ሳይሰቀል ከሣጥኑ አትነሣም፤ በሩ ያለ ማጠፊያ አይሰቀልም። ማጠፊያው ይኸው እግርህ ሥር ነው።"

"ነው" አለ በያጁ። "ብየዳው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ግን መብራት የለም። ነፋስ ምሰሶ ከጣለ አራት ሳምንቱ ነው። ጄኔሬተር ነበረኝ፤ ገደፋው የሚባል ገበሬ ለሽንኩርቱ ውሃ ልሳብበት ብሎ ወሰደው። ለሁለት ቀን ነበር ያለኝ። እንዳልቀማው ሽንኩርቱ ሊደርቅበት ነው፤ ሰው እንዴት አድርጎ ይቀማል?"

ጎማው ንፋስ አይዝም፤ ጎሚስታው ያለ ሞረድ አይለጥፍም፤ አናጺው ያለ ሣጥኑ ሞረድ አይሰጥም፤ ባለወፍጮዋ በሯ ሳይሰቀል ከሣጥኑ አትነሣም፤ በሩ ያለ ማጠፊያ አይሰቀልም፤ በያጁ ያለ ጄኔሬተር ማጠፊያ አይበይድም። ማንጠግቦሽ የሳይክል ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና በእርሻው መሐል ወደ ወንዙ ወረደች።

ጄኔሬተሩ ከሩቅ ይሰማል። ገደፋው አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው፤ የፓምፑን ቱቦ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየጎተተ ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ የሚወርደው ውሃ የሕፃን ሽንት ያህላል። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል።

ጄኔሬተሩን አጥፍቶ ሰማት። እሷም እንደ ጸሎት በቃሏ የያዘችውን ከመጀመሪያው ጀምራ አለችው፦ ጎማው ንፋስ አይዝም፤ ጎሚስታው ያለ ሞረድ አይለጥፍም፤ አናጺው ያለ ሣጥኑ ሞረድ አይሰጥም፤ ባለወፍጮዋ በሯ ሳይሰቀል ከሣጥኑ አትነሣም፤ በሩ ያለ ማጠፊያ አይሰቀልም፤ በያጁ ያለ ጄኔሬተር ማጠፊያ አይበይድም።

"ጄኔሬተሩን ብሰጥሽ ይሄ ሁሉ በነገው ዕለት ገለባ ነው" አለ ገደፋው። "እኔ መች ፓምፕ ፈልጌ? ውሃው ከላይ በቦይ ነበር የሚመጣልኝ፣ በራሱ ጊዜ። እላይ ያለው ጎረቤቴ አያ ይርጋ የቦዩን አፍ በድንጋይ ዘጋብኝ።"

"ለምን ዘጋብህ?"

"አውድማው ላይ ውሃ ገባበት። የጤፍ ነዶው ራሰ።"

"ከየት ገባበት?"

ገደፋው ቱቦውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "ከኔው ቦይ። ጠርዙ ተሸንቁሮ ነበር። ልደፍነው ነበር፤ ነገ ነገ እያልኩ ቆየሁ።"

"ሄደህ ይቅርታ አልጠየቅኸውም?"

"መጀመሪያ አፍሬ ቀረሁ። ኋላ ድንጋዩን ሲያደርግ ተናድጄ ቀረሁ።"

ማንጠግቦሽ ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። አምስት ሰዓት አልፏል። ወደ ላይ ወጣች።

አያ ይርጋ አውድማቸው ዳር በትር ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ዓይናቸው ግን ደህና ነው፤ ከዚያ ሆነው የገደፋውን ማሳ በሙሉ ያዩታል። ከእርሳቸው አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ የቦዩ አፍ ላይ ጥጃ የሚያህል ድንጋይ ተጋድሟል፤ ውሃው ከድንጋዩ ጋር እየተላተመ ወደ ወንዙ ይመለሳል።

"ተቀመጪ ልጄ፣ አንገትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?" አሏት።

ተቀመጠችና ነገረቻቸው። "ካላማዳሪ ነው፣ አያ። ጎማዬ ንፋስ አይዝም፤ ጎሚስታው ያለ ሞረድ አይለጥፍም፤ አናጺው ያለ ሣጥኑ ሞረድ አይሰጥም፤ ባለወፍጮዋ በሯ ሳይሰቀል ከሣጥኑ አትነሣም፤ በሩ ያለ ማጠፊያ አይሰቀልም፤ በያጁ ያለ ጄኔሬተር ማጠፊያ አይበይድም፤ ገበሬው ያለ ውሃ ጄኔሬተር አይመልስም፤ ውሃው ድንጋዩ ሳይነሣ አይሄድም።"

አያ ይርጋ አንድም ጊዜ ሳያቋርጧት ሰሙ። ከዚያ ወደ ማሳው አዩ።

"ሽንኩርቱ ሲጠወልግ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ" አሉ። "ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።"

"ደስ አላለዎትም?"

"ሁለት ቀን ደስ አለኝ።"

"ታዲያ ለምን አያነሡትም?"

"በማን ጉልበት? ከሦስት ልጆቼ ጋር ሆነን ነው ያንከባለልነው። ልጆቼ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዱ። ብቻዬን አይነቃነቅልኝም፣ በሌሊት ተነሥቼ ሞክሬዋለሁ። ገደፋውን 'ና እናንሣ' እንዳልለው ደግሞ ምላሴ እምቢ አለኝ።"

"ሰው ባመጣስ?"

"ሰው ካመጣሽ እኔ ልከለክል ነው?"

ማንጠግቦሽ ቁልቁል ሮጠች። ዋርካው ጋ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። አምስቱ ሄልሜታቸውን አድርገው ሳይክላቸውን ይዘው ቆመዋል። ስታያቸው እግሯ ዘገየ።

"ሰው እፈልጋለሁ" አለች፤ ትንፋሿ አልመለስ ብሏታል። "ድንጋይ የሚያነሣ።"

"ድንጋይ?" አለ እንየው። "የተበላሸው ጎማ አይደለም እንዴ?"

"ጎማው ንፋስ አይዝም፤ ጎሚስታው ያለ ሞረድ አይለጥፍም፤ አናጺው ያለ ሣጥኑ ሞረድ አይሰጥም፤ ባለወፍጮዋ በሯ ሳይሰቀል ከሣጥኑ አትነሣም፤ በሩ ያለ ማጠፊያ አይሰቀልም፤ በያጁ ያለ ጄኔሬተር ማጠፊያ አይበይድም፤ ገበሬው ያለ ውሃ ጄኔሬተር አይመልስም፤ ውሃው ድንጋዩ ሳይነሣ አይሄድም፤ ድንጋዩ ያለ ሰው አይነሣም።"

ጋሽ ላቀው ሰዓቱን አየ። ድንጋዩ ጋ ከሄዱ ስድስት ሰዓት እንደሚያልፍ ያውቃል፤ ያለውም እሱ ራሱ ነው። ሌሎቹ እሱን አዩ። እሱ እንየውን አየ። እንየው ሳይክሉን ዋርካው ላይ መልሶ አስደገፈ።

"የት ነው ድንጋዩ?" አለ።

ስድስቱ ወጡ። ከታች ገደፋው ሰዎቹን አይቶ ዲጂኖውን ተሸክሞ መጣ። መጣና ከሩቅ ቆመ። አያ ይርጋ ወደ እሱ ሳያዩ ለጋሽ ላቀው "ዲጂኖ የያዘው ሰው በግራ በኩል ይግባ በለው" አሉ።

"በግራ ግባ" አለ ጋሽ ላቀው።

"ግራው ጭቃ ነው በላቸው" አለ ገደፋው።

"ጭቃ ነው ይላል።"

"ጭቃው የማን ቦይ ያመጣው ነው በለው።"

ጋሽ ላቀው ይህን አላስተላለፈም። ገደፋው ግን ሰምቶታል፤ ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባና ዲጂኖውን ሰደደ። ስድስቱ ተደርድረው ትከሻቸውን ሰጡ። አንድ ጊዜ ገፉ፣ እምቢ አለ። ሁለት ጊዜ ገፉ፣ ነቅነቅ ብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ድንጋዩ ተነሣ፤ ሲነሣ ግን ወደ ግራ ዞረ።

"ገደፋው፣ እግርህን!" አሉ አያ ይርጋ።

ገደፋው እግሩን ነቀለ። ድንጋዩ እግሩ የነበረበት ጭቃ ላይ ተጋደመ፤ ውሃው በአጠገቡ ቦዩን ይዞ ወረደ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። አንዱ ሌላውን ፊት ለፊት በስሙ ከጠራ ወር ሞልቶታል።

"የቦዩን ጠርዝ ዛሬውኑ እደፍነዋለሁ" አለ ገደፋው። "የራሰውንም ነዶ መጥቼ አሰጣለሁ።"

"ነዶው ደርቋል" አሉ አያ ይርጋ። "ጠርዙን ድፈን።"

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጠነ። ድንጋዩ ተነሣ፣ ውሃው ሄደ። ውሃው ሄደ፣ ሽንኩርቱ ጠጣ። ሽንኩርቱ ጠጣ፣ ገበሬው ጄኔሬተሩን በጋሪ ጭኖ ለበያጁ መለሰ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ በያጁ መነጽሩን አወረደ፣ ማጠፊያው ተበየደ። እንየው ማጠፊያውን ትኩሱን በጨርቅ ይዞ ወፍጮ ቤት ሮጠ። አናጺው ተጠርቶ መጣ፣ ወይዘሮ ፈንታነሽ ማጠፊያውን አይታ ከሣጥኑ ብድግ አለች። ሣጥኑ ተከፈተ፣ አናጺው ሞረዱን አቀበለና መዶሻውን አነሣ፤ ወይዘሮ ፈንታነሽም በሩ ተሰቅሎ እስኪያልቅ አለንጋዋን ይዛ ከራሱ በላይ ቆመች። ሞረዱ ጎሚስታው እጅ ገባ፤ ጎሚስታው ፋቀ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ ላስቲኩን ለጠፈ፣ በመዶሻ መታ መታ አደረገና ነፋ። ውሃ ውስጥ ነከረው፤ አንዲት አረፋ አልወጣችም።

ጎማው ንፋስ ያዘ።

ከጥቁር ዋርካ ሲወጡ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ዘጠና ኪሎ ሜትር ከነዳገቱ ይቀራቸዋል። ዳገቱ ላይ ጋሽ ላቀው ሲደክም እንየው ከፊቱ ሆኖ ነፋሱን ከለለለት፤ እንየው ሲደክም ማንጠግቦሽ ፊት ወጣች። ማክሰኚትን ሲያልፉ ባቷ ጠነከረባት። ዝም ብላ ነዳች፤ ከኋላዋ የነበረው እንየው ግን አይቶ "ቀነስ እናድርግ" አለ። ስድስቱም ቀነሱ፤ ባቷ እስኪለቃት።

ጎንደር መግቢያ ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ግማሿ ገብታለች፣ ግማሿ አለች። የሚቀበላቸው ሰውዬ ወንበሩን ሊያጥፍ ተነሥቶ ነበር። ቆመና በጣቱ ቆጠረ። ሁለተኛም ቆጠረ። ስድስት ናቸው፤ ከጉልበታቸው በታች ጭቃ የደረቀባቸው ስድስት ሰዎች።

"ደህና ገባችሁ" አለ። "ከሰባት ሰዓት ጀምሬ ስደውል ነበር፤ ስልክ የሚያነሣ የለም። ምን አገኛችሁ?"

አምስቱ ዞረው ማንጠግቦሽን አዩ። ማንጠግቦሽ አፏን ከፈተች፣ ትንፋሽ ሳበች፣ ከየት እንደምትጀምር አሰበች።

"ጎማዬ ተንፍሶ ነበር" አለች።